የተዘጋው ኮምፒውተር ሲከፈት፦ ከሶርስ ኮድ ማሻሻል በላስታ ደጋ



በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላስታ ውስጥ ካለችው ላሊበላ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያለፈች ቆየች፤ ውጊያው ከራቀ በኋላም መብራቱ ቶሎ አልተመለሰም። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተነግሯል፤ ገናም ብዙ ይነገራል። የዛሬው ዲስኩር የሚያነሣው ከጠፋው ሕይወትና ንብረት አጠገብ ትንሽ የሚመስለውን፣ ነገር ግን መዝገብ ለሚይዝ መሥሪያ ቤት ሁሉ ትንሽ ያልሆነውን ጉዳይ ነው። በእነዚያ ወራት ተዘግቶ የከረመ ኮምፒውተር መብራት መጥቶ ሲከፈት ምን ይገጥመዋል? ሲስተሙንስ ከሶርስ ኮድ አሻሽሎ ከዘመኑ ጋር ለማስታረቅ የሚነሣ ባለሙያ ምን ይጠብቀዋል?

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሌላው ዓለም ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ነሐሴ 8 ቀን 2013 ዓ.ም. ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት 11ኛ እትሙን አወጣ። መስከረም 4 ቀን 2014 ዓ.ም. የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለኪያ የሆነው ዩኒኮድ 14 ታተመ፤ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ 28 አዳዲስ ቅርጾች በግዕዝ ፊደል ሰንጠረዥ ላይ የተጨመሩት በዚህ እትም ነው። መስከረም 20 ቀን ብዙ ድረ ገጾች የሚታመኑበት አንድ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው አለፈ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሎግ ፎር ጄ በተባለ የጃቫ መሣሪያ ውስጥ ከባድ የጸጥታ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ፤ በጃቫ የተሠሩ ሲስተሞችን የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች በመላው ዓለም እንቅልፍ አጡ። ይህ ሁሉ የሆነው ላሊበላ በጨለማ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ነው።

የምስክር ወረቀቱ ነገር ቀረብ ተብሎ ቢታይ ይሻላል። ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ሶፍትዌር ሲያወርድ የሚያወርደው ከእውነተኛው ባለቤት መሆኑን የሚያረጋግጠው አስቀድሞ የያዛቸውን ጥቂት የታመኑ ፊርማዎች ዋቢ አድርጎ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው፣ የምስክር ወረቀት በነጻ የሚሰጠው ድርጅት ለዓመታት የተደገፈበት ፊርማ ዲኤስቲ ሩት ሲኤ ኤክስ ስሪ ይባል ነበር፤ ያ ነው መስከረም 20 ያበቃው። አዳዲስ ሲስተሞች ምትኩን ስለያዙ ምንም አልተሰማቸውም። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን የምስጠራ ላይብረሪ 1.0.2 እትም የያዙ ብዙ አሮጌ ሰርቨሮች ግን በአንድ ቀን ከበርካታ ድረ ገጾች ጋር ተቆራረጡ። እንዲህ ያለ ሰርቨር ለወራት ተዘግቶ ሲከፈት ከሚገጥመው ችግር መውጫው ይቸግራል፦ ማሻሻያውን ለማውረድ አዲሱ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ አዲሱ ፊርማ ያለው ደግሞ በማሻሻያው ውስጥ ነው። ከሌላ ጤነኛ ማሽን በፍላሽ ካልመጣለት በቀር ራሱን በራሱ ማውጣት ይከብደዋል።

የሰዓቱም ጉዳይ አለ። በማዘርቦርዱ ላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱን የምታስቆጥር ክብ ትንሽ ባትሪ ትገኛለች። መብራት ለወራት ሲጠፋ፣ ይልቁንም ማሽኑ አሮጌ ከሆነ፣ ባትሪዋ ታልቃለች፤ ኮምፒውተሩም ሲነሣ ራሱን ከብዙ ዓመት በፊት በነበረ ቀን ላይ ያገኘዋል። ያኔ ችግሩ ይገለበጥና ዛሬ የሚሠሩት የምስክር ወረቀቶች «ጊዜያቸው ገና አልደረሰም» ተብለው ይመለሳሉ። ከሶርስ ኮድ ለሚሠራ ሰው ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል። ኮምፓይል የማድረጉን ሥራ የሚመራው «ሜክ» የተባለው ፕሮግራም የትኛው ፋይል እንደገና መሠራት እንዳለበት የሚወስነው ፋይሎቹ የተነኩበትን ሰዓት አነጻጽሮ ነው። ሰዓቱ የተዛባበት ማሽን መታደስ ያለበትን ፋይል ይዘለዋል፤ ያለቀውን ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። ብልሽቱም ወዲያው አይታይም፤ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ሲስተም ተተክሎ፣ ከሳምንት በኋላ ምክንያቱ በማይገባ መንገድ መውደቅ ይጀምራል። ልምድ ያለው ባለሙያ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት ቀኑን የሚያየው ለዚህ ነው።

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ እንዲሆን፦ ሶርስ ኮድ ሰው የሚጽፈውና የሚያነበው የፕሮግራም ጽሑፍ ነው፤ ኮምፓይል ማድረግ ደግሞ ያንን ጽሑፍ ማሽኑ ወደሚሠራበት መልክ መለወጥ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ እንጀራ ከሱቅ እንደሚገዛ ሰው ሌላ ቦታ ያለቀለትን ያወርዳል። ከሶርስ ኮድ የሚያሻሽለው ጤፉን ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ አስፈጭቶና አቡክቶ ነው የሚጋግረው። ሪቻርድ ስቶልማን የጂኤንዩን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያስታውቅ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 ሲያስተዋውቅ፣ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የተወለደው ፍሪቢኤስዲ በ1993 ሲጀመር ይህ ያልተለመደ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ያለቀለት በሞላበት ዘመን ማን ይደክማል?

የሚደክም አለ፤ ምክንያትም አለው። ዴቢያን 13 እ.ኤ.አ. በ2025 ሲወጣ ለባለ 32 ቢት አሮጌ ኮምፒውተሮች የመጫኛ ዲስክና ከርነል የተባለውን የሲስተም አስኳል ማዘጋጀቱን አቆመ። ከውጭ በእርዳታ በመጡ አሮጌ ማሽኖች የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያለቀለት ሶፍትዌር ከእንግዲህ እየራቀው ይሄዳል፤ ሶርስ ኮዱ ግን እዚያው አለ፤ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ለዚያ ማሽን መልሶ ኮምፓይል ያደርገዋል። በሲስተሙ ላይ የራሱን ለውጥ የጨመረ መሥሪያ ቤትም ሌላ መንገድ የለውም። ለእኛ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እሱም ፊደላችንና ዘመን አቆጣጠራችን ነው። በኋላ እንደርስበታለን።

አሁን ወደ ሥራው። ፍሪቢኤስዲ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ምክንያቱም ከርነሉና በዙሪያው ያሉት መሠረታዊ ፕሮግራሞች በአንድ የሶርስ ዛፍ ሥር ስላሉ ሙሉው ሲስተም በአንድነት ይሠራል። በቅድሚያ «አፕዴቲንግ» የተባለው ፋይል ይነበባል፤ ከእትም እትም ሲያልፉ ምን እንደተለወጠ፣ ምን ቀድሞ መደረግ እንዳለበት በቀን በቀን የተጻፈበት ነው። ከዚያ «ቢልድወርልድ» ይመጣል፤ ከርነሉን ሳይጨምር ሲስተሙን በሙሉ ኮምፓይል ያደርጋል። ቀጥሎ «ቢልድከርነል»፣ ከዚያ «ኢንስቶልከርነል»። እዚህ ላይ ማሽኑ ይጠፋና በአዲሱ ከርነል ይነሣል። «ኢንስቶልወርልድ» የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻ የቅንብር ፋይሎቹ ይታረቃሉ፤ ያረጁት ይወገዳሉ።

ቅደም ተከተሉ ለወግ የተቀመጠ አይደለም። አዲስ ከርነል የድሮ ፕሮግራሞችን ቋንቋ ይሰማል፤ የድሮ ከርነል ግን አዲስ ፕሮግራም የሚጠይቀውን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኋላ ፍሪቢኤስዲ 12 የሆነው ሲስተም ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ የፋይሎች መለያ ቁጥር ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ተለወጠ። ለውጡ ፋይል የሚከፍተውን ፕሮግራም ሁሉ የሚነካ ነበር። መመሪያው «ከርነሉን ተክላችሁ፣ አስነሥታችሁ፣ ከዚያ ሌላውን ትከሉ» ይላል። ጊዜ ለማትረፍ ብሎ በመካከል ያለውን ማስነሣት የዘለለ ሰው የሚቀረው የፋይል ዝርዝር እንኳ ማሳየት የማይችል ማሽን ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ላስታ ደጋ ላይ አስቡት። የ«ቢልድወርልድ»ን ጊዜ በብዛት የሚበላው ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር ነው፤ ሲስተሙ ሌላውን ከመሥራቱ በፊት የሚሠራበትን መሣሪያ ራሱን ይሠራልና። በአዲስ ባለ ብዙ ኮር ማሽን አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ በአሮጌ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሙሉ ይዞ ያድራል፤ አንዳንዴም ቀኑን ይደግማል። ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲያካሂድ ሲታዘዝ ደግሞ ሜሞሪው ያልቅና ኮምፓይለሩ መሐል ላይ ይገደላል፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ስለ ሜሞሪ አንድም ቃል ስለማይናገር ጀማሪው ኮዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ለትንሽ ማሽን መፍትሔው ሥራውን አንድ በአንድ ማድረግ ነው። ያዘግማል፤ ይደርሳል።

መብራት መሐል ላይ ቢሄድስ? በኮምፓይል ጊዜ ከሄደ ጉዳቱ የጊዜ ነው፤ እየሠራ ያለው ሲስተም አልተነካም፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል ወይም ከመጀመሪያው ይጀመራል። «ኢንስቶልወርልድ» ላይ ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ የሚለወጡት ማሽኑ ራሱ እየተጠቀመባቸው ያሉ ፋይሎች ናቸው። ስለዚህ መብራት በማያስተማምንበት አካባቢ ዋናው ዘዴ ሁለቱን መለየት ነው፦ ኮምፓይሉ መብራት ባለበት ጊዜ ሁሉ ቀን ከሌት ይካሄድ፤ ተከላው ግን ባትሪው ሙሉ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ወይም የተፈተነ ዩፒኤስ ባለው ሰርቨር ላይ ብቻ ይደረግ። ፍሪቢኤስዲ ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት ለሚጠቀሙ «ቡት ኢንቫይሮንመንት» የሚባል ትልቅ በረከት ሰጥቷል። ከተከላው በፊት የሲስተሙ ቅጂ በቅጽበት ይያዛል፤ አዲሱ ቢበላሽ በሚነሣበት ጊዜ የድሮውን መርጦ መመለስ ይቻላል። ይህን ሳይዙ «ኢንስቶልወርልድ» መጻፍ ትዕግሥት ማጣት ነው።

የቅንብር ፋይሎቹ እርቅ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ የሚያውቀው ያደረገው ነው። አዲሱ እትም የራሱን ፋይል ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው ደግሞ ባለፉት ዓመታት በዚያው ፋይል ላይ የራሱን ለውጥ ጽፏል። ሁለቱን መስመር በመስመር አስታርቆ አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። ድሮ «መርጅማስተር» የሚባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ልዩነት እያሳየ ይጠይቅ ነበር፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የደከመ ሰው «አዲሱን ተካ» የሚለውን ደጋግሞ ሲመርጥ የተጠቃሚዎቹን የይለፍ ቃል ፋይል እነሱ በሌሉበት አዲስ ፋይል ይተካዋል። ሲነጋ ከተጠቃሚዎቹ ማንም መግባት አይችልም። ዛሬ «ኢቲሲአፕዴት» የሚባለው ተተኪው የድሮውን፣ የአዲሱንና የባለሙያውን ሦስቱን አነጻጽሮ የማይጋጨውን በራሱ ያስታርቃል፤ የሚጋጨውን ብቻ ለሰው ያቀርባል። ሥራው ቀለለ፤ ግን አልቀረም።

ሶርስ ኮድ በእጅ ስለያዙ ብቻ ደኅና ነኝ ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መጨረሻ ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት ለምን ግማሽ ሰከንድ እንደዘገየበት ሲመረምር፣ ኤክስዜድ በተባለ የማመቂያ መሣሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ስውር በር አገኘ። ወጥመዱን የሚያስነሣው ቁራጭ በይፋው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለማውረድ ተጨምቆ በተዘጋጀው የሶርስ ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ጥቅሉን አውርደው ለአንዳንድ የሊኑክስ ሥርጭቶች ኮምፓይል ያደረጉ ባለሙያዎች በሩን በራሳቸው እጅ ሠሩት ማለት ነው። ስለዚህ ከሶርስ የሚያሻሽል ሰው ሶርሱ ከየት እንደመጣ፣ ፊርማው የማን እንደሆነ ሊጠይቅ ግድ ይለዋል።

ከዚህ በላይ የተነገረው የትም ቢሆን የሚገጥም ነው። አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ።

በኢትዮጵያ የጤና ጥበቃ መረጃ ዛሬ የሚሰበሰበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ክፍት ምንጭ ሲስተም ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ መረጃውን የሚያከማቸው ፖስትግሬስ በተባለ፣ እሱም ክፍት ምንጭ በሆነ ዳታቤዝ ነው። ዳታቤዝ አንድን መዝገብ በፍጥነት የሚያገኘው በቅደም ተከተል የተደረደረ ማውጫ ስላለው ነው። ቅደም ተከተሉን ደግሞ በሊኑክስ ላይ ሥር ካለው «ጂሊብሲ» ከተባለው መሠረታዊ ላይብረሪ ይዋሳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 የወጣው ጂሊብሲ 2.28 ይህን የድርድር ሰንጠረዥ ከዓለም አቀፉ መለኪያ ጋር ለማስማማት በመላ ለወጠው።

ለውጡ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ በትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። «11» እና «1-1» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ እንበል። ከ2.28 በፊት «11» ይቀድም ነበር፤ ከዚያ በኋላ «1-1» ቀዳሚ ሆነ። አሁን የካርድ ቁጥሮቹ በሰረዝ የተከፈሉበት የጤና ተቋም መዝገብ በፖስትግሬስ ላይ ተቀምጦ፣ ሥር ያለው ሊኑክስ ብቻ ተሻሻለ ብላችሁ አስቡ። መረጃው አልጠፋም፤ ማውጫው ግን በድሮው ሥርዓት ተደርድሯል፤ ፈላጊው በአዲሱ ሥርዓት ይፈልጋል። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ «የለም» ይላታል። እሷም ለዚያው ታካሚ ሁለተኛ ካርድ ታወጣለች። ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም፤ ማንም አይደነግጥም፤ አንድ ሰው በሁለት ካርድ መታከም ይጀምራል። መድኃኒቱ «ሪኢንዴክስ» የሚባል አንድ ትእዛዝ ነው፤ ማውጫውን በአዲሱ ሥርዓት እንደገና ይደረድራል። ይህን ማድረግ ግን የሚያውቀው ከማሻሻሉ በፊት የለውጡን ማስታወሻ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ ዲስኩር አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ የሰርቨር ኃላፊ ካለ ይህን ይያዝ።

ሦስተኛ ምክንያት ያልነው የፊደላችንና የዘመን አቆጣጠራችን ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን በኮምፒውተር ላይ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለው። አንደኛው በየፎንቱ የተለያየ ሥርዓት የተሠራበት ዘመን ነው፤ የድሮዎቹን የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፋይሎች የሚያስታውስ ያውቀዋል። በጊዜው መሥሪያ ቤቶቻችንን በአማርኛ አስጽፈዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ፊደሉ የተቀመጠው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለነበር፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲህ ያለ ስንት ቃለ ጉባኤ እንደተቀመጠ አስቡት።

ሁለተኛው ታሪክ ወደ ምንጩ የገባው ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለት ነው፣ ግዕዝን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጁ፤ ሴራ ይባላል። ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ያንን ሥርዓት ይዞ የግዕዝ መጻፊያን ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶርስ ኮድ ውስጥ አስገባ። ኢማክስን ዛሬ ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ያንን መጻፊያ ከነሙሉ አገልግሎቱ ያገኘዋል፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት እትም ሲያልፍ አልወደቀም። ፊደሉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገባ። በቨርጂኒያ የነበረው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ደግሞ የአማርኛን፣ የትግርኛን፣ የአፋርን፣ የሲዳማን፣ የግዕዝንና የሌሎችንም ልማድ የሚገልጹ ፋይሎች ጽፎ ወደ ጂሊብሲ አስገባ። ማንም ሰው ጂሊብሲን በያዘ ሊኑክስ ላይ አማርኛ ሲመርጥ የሚሠራው የእነዚያ ሰዎች ሥራ ነው።

የሁለቱን ታሪኮች ልዩነት ሲስተም አሻሽሎ የሚያውቅ ሁሉ ያየዋል። የኢትዮጵያ ኪቦርድ በሊኑክስ ላይ «ኢቲ» የሚባል አንድ ፋይል ነው። አንድ ጎበዝ ቴክኒሻን የማይመቸውን ቁልፍ ሊያስተካክል በዚያው ፋይል ውስጥ ሁለት መስመር ይለውጣል፤ ጸሐፊዎቹ ይመርቁታል። ሲስተሙ ሲሻሻል አዲሱ «ኢቲ» በድሮው ላይ ይጻፍበትና ማስተካከያው ይጠፋል። ቴክኒሻኑ ተዛውሮ ከሆነ ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ያቺው ማስተካከያ ወደ ምንጩ ተልካ ተቀባይነት ብታገኝ ኖሮ ግን ማሻሻሉ ራሱ ይዟት በመጣ ነበር። በአገራችን የኮምፒውተር ባለሙያ ላይ የሚታየው ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይመስላል፤ እውቀቱ አለ፤ ሥራው ግን በየቢሮው ተሠርቶ በየቢሮው ይቀራል።

ወደ ምንጩ የገባም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል። የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሆነው የጂኖም ምናሌዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ አማርኛ ተተርጉመው ነበር። የትርጉም ሥርዓቱ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ዋናው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አንድ ቃል እንኳ ከተለወጠ፣ የአማርኛው ትርጉም «ያጠራጥራል» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ኮምፓይል ሲደረግም ይታለፋል፤ በቦታው እንግሊዝኛው ይወጣል። ተርጓሚ ከሌለ እያንዳንዱ አዲስ እትም ጥቂት አማርኛ ይቀንሳል። አማርኛውን ያጠፋው የለም፤ ያደሰው ሰው ነው የጠፋው።

ከሁሉ የሚገርመው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የጂሊብሲው የአማርኛ ፋይል የወራቱን ስም ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ እያለ ይዟል፤ ቀኑ የፈረንጅ፣ ፊደሉ የኛ ነው። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ኖሮ በቅርቡ የጂኤንዩ መሠረታዊ ትእዛዞች ጥቅል ሲሻሻል «ዴት» የተባለው ቀን ጠቋሚ ትእዛዝ በኢትዮጵያ አማርኛ ሲታዘዝ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያወጣ ተደረገ። ትልቅ ደስታ ነው፤ ደስታው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየመሥሪያ ቤቱ ሌሊት ሌሊት ባክአፕ የሚወስዱ ትንንሽ ስክሪፕቶች አሉ፤ የዚህን ትእዛዝ ውጤት ተቀብለው ፋይሉን ይሰይማሉ፣ ያረጀውንም ይደመስሳሉ። ዓመቱ በአንድ ሌሊት ሰባት ወይም ስምንት ወደኋላ ቢል ስክሪፕቱ የዛሬውን ባክአፕ ከሁሉ ያረጀ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ማሽን የሚያነበው ቀን ሁሉ ቋንቋ ሳይነካው «ሲ» በተባለው መደበኛ የቋንቋ ቅንብር (ሎካል) እንዲወጣ አስቀድሞ በስክሪፕቱ ራስ ላይ መጻፍ ይገባል። ለሰው የሚታየው ቀን በኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ለማሽን የሚሰጠው አይለዋወጥ።

ኔትወርክ በሌለበት ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበርና ጥያቄው የትናንት ብቻ አይደለም። መልሱ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው። ክፍት ምንጭ ሲስተሞች የሚጠበቁበት ጊት የተባለው መሣሪያ ገና ሲሠራ እያንዳንዱ ባለሙያ ሙሉውን ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር እንዲይዝ ተደርጎ ነው። «ባንድል» የሚባል ፋይል አለው፤ ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ይሰጣል። ወልድያ ወይም ባሕር ዳር ላይ ኔትወርክ ያገኘ ሰው በወር አንድ ጊዜ እየያዘ ቢመጣ፣ ላሊበላ ላይ ያለው ማሽን የፍሪቢኤስዲን ወይም የሊኑክስን ሙሉ ሶርስ ከነታሪኩ ይዞ መቆየት ይችላል። ከዚህ የሚሄደው ማስተካከያም በዚያው መንገድ ወጥቶ በኢሜይል ወደ ምንጩ ይላካል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ርእስ ሲፈልጉ ከዚህ የተሻለ የሚያገኙ አይመስልም።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚሆነውም እዚሁ አለ። በጂሊብሲ ውስጥ ከአማርኛው ሌላ የግዕዝ ቋንቋ ፋይል አለ፤ ለኦክቶበር ‹ጠቀመ›፣ ለኖቬምበር ‹ኀደረ› የሚሉ የወር ስሞችን ይዟል። ከዚህ የተለየና ፊደሉን በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ የሚደረድር ሌላ ቅጂም አለ። ሁለቱም ከሃያ ዓመት በላይ ጂሊብሲን በያዘ ሊኑክስ ሁሉ ሲሠራጩ ኖረዋል። የወሮቹ ስም ልክ ነውን? በአበገደው ውስጥ የእያንዳንዱ ፊደል ሰባቱ ድምፆችና ዲቃላዎቹ በየቦታቸው ተቀምጠዋልን? ይህን ለማየት ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም፤ ፋይሉ ማንም የሚያነበው ጽሑፍ ነው። የሚያስፈልገው በላስታ የአብነት ትምህርት ቤት ያደገ አንድ መምህር ከአንድ የኮምፒውተር ተማሪ ጋር ለአንድ ከሰዓት በኋላ አብረው መቀመጥ ነው፤ የተገኘውን ስሕተትም ተማሪው በዚያው ሳምንት ይልከዋል።